ዕቃውና ቤቱ፤ በዕረፍት ጊዜ ቤተ መዘክርን ስለ መጎብኘት

ክረምት ሲገባ የትምህርት ቤታችን በር ይዘጋል፤ ተማሪውም ይበተናል። አንዳንዱ ወደ ገጠር ወርዶ ወላጆቹን ይረዳል፤ አንዳንዱ አዲስ አበባ ካለ ዘመዱ ዘንድ ይሄዳል፤ የቀረው እዚሁ ጅማ ተቀምጦ ዝናቡን ይቆጥራል። በሜዲትራንያን ባሕር ደሴቶች ግን ለዕረፍት የሚመጣው እንግዳ ጧት ሲዋኝ ያረፍድና ከሰዓት በኋላ ቤተ መዘክርና የሥዕል አዳራሽ ሲጎበኝ ይውላል ይባላል። እኛ ባሕር የለንም። ነገር ግን ቤተ መንግሥትም፥ የሥዕል አዳራሽም፥ በሐይቅ መካከል ያሉ ደሴቶችም አሉን። ስለዚህ ስለ እነዚህ ቦታዎችና እንዴት ቢታዩ እንደሚሻል የማውቀውን ያህል ለክፍል ጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ለመግለጽ አስቤአለሁ።

ከጓደኞቼ ብዙዎቹ «ቤተ መዘክር አንድ ጊዜ ከታየ በቃ፤ አሮጌ ወንበር ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠን ዕቃ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ልጨምር እላለሁ፤ ይኸውም «ቤቱ የት ነው?» የሚል ነው። ወንበሩ የተቀመጠበት ክፍል፥ ሥዕሉ የተለጠፈበት ግድግዳ፥ ዋንጫው ይዞር የነበረበት ግብዣ ነበረ። እንግዲህ ዕቃው ከቤቱ እንዴት ወጣ? ማንስ አወጣው? ቤቱስ ያለ ዕቃው ምን ይመስላል? ይህን የጠየቀ ሰው አንዲቱን ወንበር ለማየት ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ይመለሳል።

ከራሳችን ልጀምር። ከጅማ ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ጂሬን በሚባለው ኮረብታ ላይ የንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ድረስ የጅማ ንጉሥ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸውና አንባቢ ልብ ይበል።) አባ ጅፋር የተባለው የፈረስ ስማቸው ነው። በመንግሥታቸው መጀመሪያ ገና ወጣት ስለ ነበሩ እናታቸው ገኔ ጉሚቲ በምክር ይረዷቸው ነበር። በ1884 ያንጊዜ የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገበሩ፤ በዚህም ምክንያት ግብር እየከፈሉ አገራቸውን በራሳቸው ሥርዓት ለማስተዳደር ቻሉ። ይህ ምክር ባይኖር ኖሮ የጂሬን ቤት ዛሬ አይታይም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አብዛኛው ነገሩ እንጨት ነውና፥ ጦር የገባበት የእንጨት ቤት ደግሞ ከአመድ በቀር የሚያስቀረው የለም።

እኛ የሰቶ ሰመሮ ልጆች ጂሬንን ከሩቅ እናውቀዋለን እንጂ ከመካከላችን ወጥቶ ያየው ጥቂት ነው። አቀበቱን የጨረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቅና ሰገነት ያለውን ትልቁን የእንጨት ቤት ነው። አጠገቡም መስጊድ አለ። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከቱ የጅማ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። በዚያ ሜዳ ላይ የሕርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ይቆም ነበር፤ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚመጣበት ታላቅ ገበያ ነበረ። ቡና፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወጣበት ነበር፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት እንደ ነበረ መደበቅ አይገባም። ንጉሡ ቤታቸውን ለምን በዚያ ኮረብታ ላይ እንደ ሠሩ ለመረዳት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ በሰገነቱ ቆሞ ወደ ታች ማየት ይበቃል።

ታዲያ ለብዙ ዓመታት ቤቱና ዕቃው ተለያይተው ኖረዋል። ቤቱ በኮረብታው ላይ ሲቀር፥ ንጉሡ የተገለገሉባቸው ወንበሮችና የቤት ዕቃዎች በከተማው ውስጥ በሚገኘው በጅማ ቤተ መዘክር ተቀመጡ። ይህን ማንም ሊነቅፍ አይችልም። የእኛ አገር ዝናብ የታወቀ ነው፤ ምስጥም እንዲሁ፤ ጠባቂ የሌለበት ባዶ ቤት ደግሞ ለሌባ ይመቻል። ዕቃው ባይወርድ ኖሮ ዛሬ የምናየው ነገር ባልኖረ ነበር። ነገር ግን የጠፋም ነገር አለ። በቤተ መዘክሩ ውስጥ የቆመ ወንበር ፊቱ ወደ በር ይሁን ወደ መስኮት አይታወቅም። ንጉሡ በወንበሩ ሲቀመጡ ማን በቀኝ፥ ማን በግራ ይቆም ነበር? ብርሃኑስ ከየት ይመጣ ነበር? እነዚህን የሚያስረዳው በኮረብታው ላይ የቀረው ቤት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ይገባል፤ ቤቱንም ማስቀደም ይሻላል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ባለፈው ዓመት እንዲህ አድርገን ነበር። በጧት ጂሬን ወጥተን ክፍሉን ሁሉ በእርምጃ ለካን፤ በደብተርም ላይ ነደፍነው። ከሰዓት በኋላም ወደ ከተማ ወርደን በቤተ መዘክሩ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያየን በነደፍነው ቤት ውስጥ በአሳባችን አስቀመጥናቸው። ተከራከርን፤ አንዱ ዕቃ ሦስት ቦታ ተሰጠው። ከሳቅም በቀር ብዙ ትምህርት አገኘንበት፤ ምክንያቱም ዕቃን ቦታ ለመስጠት ሲሉ መጠኑን፥ ክብደቱንና የሚታይበትን ወገን ልብ ማለት ግድ ነው።

በአካባቢያችን ከሚሠሩት ዕቃዎች ሁሉ በጣም የሚያስደንቀኝ የጅማ በርጩማ ነው። አንባቢ «ይህማ በየቤታችን አለ» እንደሚል አውቃለሁ። ስላለ ነው ያላየነው። የጅማ በርጩማ ከሌላ እንጨት ጋር ሳይጋጠም፥ ያለ ሚስማርና ያለ ሙጫ፥ ከአንድ ግንድ ይጠረባል። ዋንዛ ለዚህ ሥራ ይመረጣል፤ ለመጥረብ ገር ነው፥ ቶሎም አይሰነጠቅም። ጠራቢው በመጥረቢያ ቅርጹን ያወጣና መቀመጫውን በመሮ እየፋቀ እንደ ሳሕን ጎድጎድ ያደርገዋል። እግሮቹ ሦስት ናቸው። ለምን አራት አልሆኑም? መልሱን የሒሳብ መምህራችን በሰሌዳ ላይ አሳይተውናል፤ በአንድ መሥመር ላይ ያልዋሉ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ይወስናሉ፥ አራተኛው ነጥብ ግን ከዚያ ገጽ ላይ ሊወድቅም ላይወድቅም ይችላል። እንግዲህ ባለ አራት እግር ወንበር ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ ሲወዛወዝ ባለ ሦስቱ እግር ረግጦ ይቆማል። አያቶቻችን ጂኦሜትሪ አልተማሩም፤ ነገር ግን የቤታቸውን ወለል ያውቁ ነበር። በርጩማውን ከአፈሩ ወለል አንሥተን በሲሚንቶ ላይ ብናኖረው የሦስቱ እግር ምክንያት ይጠፋል፤ ዕቃ ያለ ቤቱ ግማሹን ነገር ብቻ ይናገራል የምለውም ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳይመስል ከላይ ወደ ጠቀስኋቸው የባሕር ደሴቶች ለጥቂት ጊዜ ልመለስ። በግሪክ አገር ቀርጤስ በምትባለው ደሴት ላይ ክኖሶስ የሚባል ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ቤተ መንግሥት አለ። አርተር ኤቫንስ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1900 ማስቆፈር ጀመረ። የተገኙት የግድግዳ ሥዕሎች አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሄራክሊዮን ከተማ ቤተ መዘክር ተቀመጡ፤ በቤተ መንግሥቱም ግድግዳ ላይ ግልባጮቻቸው ተተኩ። የአገሩ ስም ቢለወጥ የእኛን ጂሬንና ጅማን የተናገርሁ ይመስላል! ልዩነቱ በክኖሶስ የድንጋዩ ዙፋን ከነበረበት ክፍል ሳይነሣ ሥዕሉ መሄዱ ነው፤ በእኛ ግን የሄደው ወንበሩ ነው። ከሥዕሎቹም አንዱ «የአበባው ልዑል» የሚባለው ከተሰባበሩ ቁራጮች የተገጣጠመ ስለ ሆነ፥ ቁራጮቹ የአንድ ሰው መልክ ይሁኑ ወይስ የብዙ ሰዎች ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በደብተራችን ላይ ሦስት ቦታ የተሰጠው ዕቃችን ትዝ አለኝ።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ለሄደ ተማሪ የሚታየው ብዙ ስለ ሆነ ሁሉን በአንድ ቀን ለማየት አይሞክር። አብዛኛው ሰው ወደ ብሔራዊ ሙዚየም የሚሄደው ድንቅነሽን ለማየት ነው። እርሷ በ1974 በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ስፍራ የተገኘች፥ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሚገመት ናት። ለጎብኚው የሚታየው ግልባጭ ነው፤ እውነተኛው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ እንደ ተታለለ ሆኖ ያዝናል። እኔ አላዘንሁም፤ የአጥንቱ ቤት ሐዳር ነበረና እውነተኛውም ቢሆን በዚያ ክፍል ውስጥ እንግዳ ነው።

ከዚያ ይልቅ ረጅም ጊዜ የቆየሁት በስድስት ኪሎ በሚገኘው በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ነው። ቤቱ ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ። በ1960 በታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ ታግተው የነበሩ መኳንንት የተገደሉት በዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ በሚከተለው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ተቋሙም በ1963 ተመሠረተ። እንግዲህ እዚህ የተገላቢጦሽ ነገር ሆነ፤ ባለቤቱ ከቤቱ ወጣ፥ የኢትዮጵያ ሕዝብ ዕቃ ሁሉ ገባበት። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት እንደ ነበረ ሲቆይ፥ በሌሎቹ ክፍሎች ደግሞ የየብሔረሰቡ ዕቃ ከልደት ጀምሮ በሕፃንነትና በጉልምስና አልፎ እስከ ሞት ድረስ እንደ ሰው ዕድሜ ተራ ተደርድሯል። ይህ አደራደር በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ዕቃውን ወደ ቤቱ መመለስ ባይቻልም ወደ ሰው ሕይወት መልሰውታልና። ጥንታውያን ሥዕለ አድኅኖም በዚያ ይገኛሉ።

ስለ ዘመናዊ ሥዕል በአጭሩ ልናገር። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስተዋት ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ሲሆን የአፍሪካን ያለፈ፥ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል፤ አዳራሹ በ1961 ተመርቆ፥ ከታደሰም በኋላ በ2024 እንደ ገና ተከፍቷል። መስተዋቱ ለዚያ ቤት ተብሎ ስለ ተሠራ ከዚያ ቢነሣ ትርጉም የለውም። በ2019 የተከፈተውም ዞማ ሙዚየም ከጭቃና ከጭድ ስለ ተሠራ ቤቱ ራሱ ዕቃ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ኤልያስ ስሜ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ስብርባሪ እያያያዘ ሥዕል ያደርጋል። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎች ነገር ግን ልብ ይነካል። እርሱ በ1981 በስደት አሜሪካ አገር ሞተ። በጀርመን አገር ሲጠበቁ የቆዩ ሥዕሎቹ ከሞቱ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተጠራው ማዕከል በ2008 ለሕዝብ ታዩ። ሠሪው ሳይመለስ ሥራው ተመለሰ።

እስካሁን የተናገርሁት ከቤቱ ስለ ወጣ ዕቃ ነው። ከቤቱ ጨርሶ ያልወጣውን ለማየት የፈለገ ግን ወደ ጣና ሐይቅ ይሂድ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎታችን ባሕር ዳር ይሠሩ ስለ ነበረ እኔና እኅቴ የዕረፍት ጊዜአችንን በእርሳቸው ቤት አሳለፍን። በጀልባም ወደ ዘጌ ተሻገርን። ገና ከጀልባው እንደ ወረድን እኅቴ «ይህማ የእኛ አገር ነው!» አለች፤ በዛፍ ጥላ ሥር ያለ የቡና ጫካ ነበረና። በገዳማቱ ሥርዓት ምክንያት በዘጌ ከብት ማርባትና ማረስ የተከለከለ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ጫካውም ስለዚህ ቆየ ይላሉ። ከሊሙ ወይም ከጌራ የመጣ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ራሱን እንግዳ አድርጎ አይቆጥርም።

በጫካው ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የምትባለው ክብ ቤተ ክርስቲያን አለች። መካከለኛው ክፍል፥ ይኸውም መቅደሱ፥ አራት ማዕዘን ነው፤ ግድግዳዎቹም ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍነዋል። ጎብኚው በዙሪያው እየተራመደ ግድግዳውን እንደ መጽሐፍ ያነብባል። ማንበቢያውን ያስተማሩን አባት እንዲህ አሉን፤ ጻድቁ ሁለቱም ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፥ ክፉው ግን በጎኑ ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፥ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ይቀመጣል። እኅቴ ይህን ከሰማች በኋላ ባለ አንድ ዓይኖቹን ብቻ እየፈለገች ትቆጥር ነበር። ብርሃኑ ጥቂት ነው፤ የሚገባው በረጃጅሞቹ በሮች ብቻ ስለ ሆነ ሥዕሉ ቀስ በቀስ ለዓይን ይገለጣል። በአዲስ አበባ በመብራት ሥር ያየሁት ሥዕል ሁሉ ከዚህ በኋላ የተራቆተ መሰለኝ።

በሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በዳጋ እስጢፋኖስ እነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲለደስ ዐፅማቸው ያረፈበት ነው ይባላል። በደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ትገኛለች፤ እቴጌይቱም ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው በግድግዳው ላይ ተሥለዋል። ወደ ዳጋና ወደ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ወደ ክብራን በሄድን ጊዜ እኅቴ ከጀልባው ሳትወርድ ቀረች፥ እኔም ያየሁትን ሁሉ በቃል ልነግራት ሞክሬ አልበቃኝም። ቤቱን ያልለቀቀ ዕቃ ሁሉም ሰው ሊያየው አይችልም፤ ይህም የነገሩ ሌላ ወገን ነው።

የዘጌን ሥዕሎች በቅርብ ላየ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ሥዕሉ በጭቃው ግድግዳ ላይ አልተሣለም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ጨርቁ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ይህ ብልሃት ሥዕሉን ከግድግዳው መሰንጠቅ ያድነዋል። ነገር ግን የተለጠፈ ነገር ይላጣል። በ1932 ማርሴል ግሪዮል የሚባለው ፈረንሳዊ የሚመራው ጓድ ጎንደር በደረሰ ጊዜ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አስነሥቶ ወሰደ፤ በስፍራውም ከጓዱ ጋር የመጣው ሠዓሊ የሠራቸው ግልባጮች ተለጠፉ። ዋነኞቹ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ በሚባለው ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ከዚያም በፊት በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው የብራና መጻሕፍት በሎንዶን እንዳሉ የታወቀ ነው።

እንግዲህ «ቤቱ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። በጅማ ቤተ መዘክር ያለውን ወንበር ያየ ልጅ ቤቱን ለማየት ሁለት ሰዓት ባልሞላ የእግር መንገድ ጂሬን ይደርሳል። በፓሪስ የተቀመጠውን ሥዕል ያየ የጎንደር ልጅ ግን ምን ያህል መንገድ አለበት? እርሱም ፓሪስ ለመድረስ የሚበቃ ገንዘብና የይለፍ ወረቀት ካገኘ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከቤቱ መውጣቱ ግድ ቢሆን እንኳ ከቤቱ እስከ ቤተ መዘክሩ ያለው መንገድ አንድ ተማሪ በአንድ ቀን በእግሩ ሄዶ የሚመለስበት ይሁን እላለሁ። የትንሽ ከተማ ቤተ መዘክር ከዋና ከተማው የሚበልጥበት ነገር ይህ ነው፤ የከተማችን ሽማግሌዎችና ነጋዴዎችም ይህን አስበው ሊረዱት ይገባል።

ነገሩ ለእኛ ቤት አሁን ቅርብ ሆኗል። አጋሮ የሚኖሩት አያታችን (እኛ አኮ እንላቸዋለን) ከእናታቸው የወረሱት በርጩማ አላቸው፤ መቀመጫው ከብዙ ዘመን መቀመጥ የተነሣ እንደ ቡና ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ዘንድሮ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ መጥቶ በርጩማውን አየና ስድስት የፕላስቲክ ወንበር የሚያስገዛ ገንዘብ ልስጥ አለ። የአጎቴ ልጆች ይሸጥ ብለዋል፤ እናቴ አይሸጥም ብላለች፤ እኔም ለጅማ ቤተ መዘክር ይሰጥ ብዬ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። አኮ ደብዳቤዬ ሲነበብላቸው ከሰሙ በኋላ፥ «እሰጣለሁ፤ ግን ላየው በመጣሁ ጊዜ ያስቀምጡኛል?» ብለው ጠየቁኝ። በቤተ መዘክር ዕቃ ላይ መቀመጥ እንደማይፈቀድ ስነግራቸው «እንግዲያስ እኔ እስካለሁ ድረስ ቤቱ ይሄ ነው» አሉና በርጩማቸውን ወደ እሳቱ አስጠግተው ቡናቸውን መቁላት ጀመሩ።